የጊቤ ዳገትና የፈላው ራዲያተር

ለመስቀል ሀገሩ የሚገባው ሰው መንገዱን በሚያጨናንቅበት ሰሞን ወልቂጤ መግቢያ ላይ የቆመ ሰው፣ ኮፈናቸውን ከፍተው ዳር የያዙ መኪኖችን ሳይቆጥር አያልፍም። ጣሪያው ላይ ፍራሽና የቆርቆሮ ጥቅል፣ ውስጡ ከወንበሩ የበዛ ሰው የጫነ ሚኒባስ ከአዲስ አበባ 158 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ቸሃ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው እንፋሎት መትፋት ይጀምራል። ረዳቱ ጀሪካን አንጠልጥሎ ውሃ ፍለጋ ይሮጣል። የወረደው ተሳፋሪ ሁሉ ደግሞ መካኒክ ይሆናል፦ «ራዲያተሩ አንሶታል፣ ትልቅ አስገባለት»፣ «ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው፣ እሱ የፈረንጅ ሀገር ዕቃ ነው»፣ «ፓምፑ ደክሟል፣ ቀይረው»።

ሦስቱም ምክር ገንዘብ ያስወጣል። አንዳንዴ አንዱ ልክ ይሆናል፤ ግን በዕድል ነው። ጋራዥ ውስጥ ባሳለፍኳቸው ዓመታት እኔም በዕድል የሠራሁት ሥራ ብዙ ነው። ራዲያተር ለውጬ መኪናውን ከላክሁ በኋላ በሳምንቱ እየፈላ የተመለሰብኝ ጊዜ ነበር። ጥፋቱ ራዲያተሩ አልነበረም። ያኔ መጠየቅ የነበረብኝን ጥያቄ ዛሬ ለሥራ የሚመጣ ልጅ ሁሉ ዕቃ ከመፍታቱ በፊት እንዲመልስልኝ እጠይቀዋለሁ፦ ሙቀቱ የቱ ጋ ነው የቆመው?

ሙቀት ከሞተሩ ወጥቶ አየር ላይ እስኪበተን ራዲያተሩ ውስጥ ሦስት በር ያልፋል። መጀመሪያ ከውሃው ወደ ቱቦው የውስጥ ግድግዳ ይገባል። ቀጥሎ ግድግዳውን ራሱን ይሻገራል። በመጨረሻም ከቱቦውና በቱቦዎቹ መካከል ከታጠፉት ስስ የብረት ቅጠሎች ወደሚያልፈው አየር ይወጣል። ሦስት በር በተራ ያለበት አዳራሽ ሕዝቡን የሚያወጣው በጠባቡ በር ልክ ነው፤ ሌሎቹን ሁለቱን ብታሰፋቸው ማንም ቶሎ አይወጣም። ራዲያተርም እንደዚያ ነው።

በጤናማ ራዲያተር ላይ ጠባቡ በር የአየሩ ነው። በደንብ የሚሮጥ ውሃ ከአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ ጋር፣ በአንድ ዲግሪ ልዩነት፣ በሺዎች የሚቆጠር ዋት ይለዋወጣል። አየር ግን በአሥሮች፣ ቢበዛ ወደ መቶ ገደማ ነው። ቅጠሎቹ የተሠሩት ለዚህ ነው፤ አየሩ ደካማ ስለሆነ ብዙ ገጽ ይሰጠዋል። አንድ ቅጠል ሲተኛ ወይም በጭቃ ሲደፈን የተነካው ድሮም ጠባብ የነበረው በር ነው። ስለዚህ ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት ፋኖስ ይዛችሁ ከፊት ጎንበስ በሉ።

የቱ በር እንደጠበበ ለማወቅ ግን ዓይን ብቻ አይበቃም። ሳይነካ ሙቀት የሚለካውን ሽጉጥ መሰል መሣሪያ በኮሮና ጊዜ በየበሩ ግንባራችን ላይ ሲያነጣጥሩብን አውቀነዋል። ያ የሰው ነው፤ ከ40 ጥቂት ዲግሪዎች በላይ አያነብም። ለጋራዥ የሚሆነው ዓይነት ከ100 ዲግሪ በላይ የሚያነበው ነው፣ እሱም ከአንድ ውሃ ፓምፕ ዋጋ በታች ይገኛል። ሞተሩ ሞቆ ሥራ ላይ እያለ ወደ ራዲያተሩ የሚገባውን የላይኛውን ጎማና የሚወጣበትን የታችኛውን ጎማ ለኩ። የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ላይ አትለኩ፣ መሣሪያውን ያታልለዋል፤ ጎማው ላይ ወይም ጥቁር ፕላስተር በተለጠፈበት ቦታ ላይ ለኩ። በጤነኛ መኪና ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 12 ዲግሪ ገደማ ነው።

ሞተሩ እየሞቀ ልዩነቱ 20ና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ውሃው ራዲያተሩ ውስጥ ሲደርስ በደንብ እየቀዘቀዘ ነው፤ ችግሩ በበቂ መጠን አለመድረሱ ነው። ስለዚህ ፓምፕ፣ የላላ ቺንጋ፣ በደንብ የማይከፈት ቴርሞስታት፣ የተደፈነ ቱቦ ወይም የሚጨመደድ ጎማ ፈልጉ። በተቃራኒው ሁለቱም ጎማ እሳት ሆኖ ልዩነቱ 2 ወይም 3 ዲግሪ ብቻ ከሆነ፣ ውሃው እየዞረ ነው፣ ሙቀቱን የሚረከበው ግን የለም። ያን ጊዜ ጥፋቱ አየሩ ጋ፣ ወይም ቱቦውን ከውስጥ ባለበሰው ቅርፊት ላይ ነው። ይህችን አንድ ልኬት ቀድሜ ባውቃት ኖሮ ያን ራዲያተር በከንቱ አልለውጥም ነበር።

ከአየሩ እንጀምር። ከወልቂጤ ወደ ጊቤ የሚወርድና የሚወጣ የጭነት መኪና የሚያግበሰብሰው አቧራ ብቻ አይደለም፤ ገለባ፣ የሣር ፍሬ፣ ነፍሳት፣ ከፊቱ ካለው ናፍጣ የሚረጨው ዘይታማ ጥላሸት ጭምር ነው። ዘይቱ አቧራውን እንደ ጭቃ ያጣብቀዋል። ይህን ከፊት በኩል በኃይለኛ የውሃ ግፊት ማጠብ ቆሻሻውን ይበልጥ ወደ ውስጥ መግፋት ነው፣ ቅጠሎቹንም ያስተኛል። ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ አየሩ ከሚገባበት በተቃራኒ፣ በለስላሳ ግፊትና በሳሙና እጠቡ። ኤር ኮንዲሽን ያለው መኪና ላይ ደግሞ የኤር ኮንዲሽኑ ራዲያተርና የሞተሩ ራዲያተር ተደግፈው ስለሚቆሙ በመካከላቸው ያለው ጣት የማያስገባ ክፍተት የቆሻሻ ማከማቻ ነው። ከፊት ንጹሕ መስሎ መካከሉ ላይ እንደ ብርድ ልብስ የተነጠፈ ገለባ ያወጣሁባቸው መኪኖች አሉ። ሁለቱን ሳይለያዩ ታጠበ ማለት አልታጠበም ማለት ነው።

የተኙ ቅጠሎችን በማበጠሪያ ዓይነት መሣሪያ፣ ካልተገኘም በቀጭን ቢላ ጀርባ ቀስ ብሎ ማቃናት ይቻላል፤ ቱቦውን እንዳትወጉ ብቻ። ቀለም ደግሞ አትቀቡ። አዲስ እንዲመስል ብሎ ራዲያተርን በወፍራም ቀለም የሚሸፍን ሰው ሙቀቱን ካፖርት እያለበሰው ነው። የሠርግ መኪና አፍንጫ ላይ የሚታሰረው ጨርቅና አበባም፣ በክረምት ፊት ለፊት የሚለጠፈው ካርቶንም፣ ከፊት የተደረደረው ፓውዛም የሚዘጉት ያንኑ በር ነው።

ከሁሉ በላይ የሚናቀው የፋኑ ከለላ ነው፤ ፋኑን ከብቦ ራዲያተሩ ላይ የሚታሰረው ሰፊ ፕላስቲክ ወይም ቆርቆሮ። ሞተር ሲፈታ ይወጣል፣ ሲገጠም «ይሄ ለምኑ ነው?» ተብሎ ጋራዡ ጥግ ላይ ይቀራል። ከለላ የሌለው ፋን አየሩን በራዲያተሩ በኩል መሳብ ትቶ ከጎንና ከኋላ ያለውን የሞተር ትኩስ አየር መልሶ ያሽከረክራል። በፍጥነት ሲነዳ ንፋሱ ስለሚረዳ ጉድለቱ አይታይም። ዳገት ላይ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ነፋስ ከኋላ ሲመጣ ግን ሥራው ሁሉ የፋኑ ስለሆነ መኪናው ይፈላል። የኤሌክትሪክ ፋን ያለው መኪና ላይ ደግሞ ሽቦው ተገልብጦ ተገጥሞ አየሩን ወደ ፊት የሚገፋ ፋን አጋጥሞኛል። ወረቀት አስጠጉ፤ ከፊት በኩል ራዲያተሩ ላይ ከተጣበቀ ልክ ነው፣ ከተወረወረ ተገልብጧል።

ሁለተኛው በር፣ ግድግዳው፣ በራሱ ችግር የለበትም። መዳብ ሙቀትን በደንብ ያሳልፋል፣ አሉሚኒየምም ከእሱ ብዙ አይርቅም፣ ሁለቱም ደግሞ ስስ ናቸው። ችግሩ ከውስጥ የሚለብሱት ቅርፊት ነው። ያ ነጭ ቅርፊት ውሃ ውስጥ የነበረው ኖራማ ማዕድን ሲሞቅ የሚተወው ነው፤ መዳብ ሙቀትን ከእሱ ከመቶ ጊዜ በላይ የተሻለ ያሳልፋል። ስለዚህ አንድ ሚሊ ሜትር ቅርፊት ማለት ቱቦውን ከአሥር ሳንቲ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው መዳብ እንደማልበስ ነው። ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ቤታችሁ ውሃ የሚፈላበትን ማንቆርቆሪያ ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ነጭ ልባስ ከያዘ፣ ያው ውሃ ራዲያተራችሁ ውስጥም ያንኑ ይሠራል።

መድኃኒቱ ደጃችን ላይ ነው። የጉራጌ ክረምት ዝናቡን አይሰስትም፤ ንጹሕ የቆርቆሮ ጣሪያ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች አቧራውን ካጠቡለት በኋላ የሚያወርደው ውሃ ኖራ የለበትም። ሁለት ጀሪካን የክረምት ውሃ ያስቀመጠ ሹፌር የዓመት ራዲያተር አስቀምጧል። ካልሆነም ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ አለ። ዝናብ ውሃም ሆነ የተጣራ ውሃ ብቻውን ብረት ስለሚያዝግ ኩላንት ይጨመርበታል። ኩላንት ብዙ ሰው የሚመስለው የተሻለ የሚያቀዘቅዝ ነገር ነው። አይደለም፤ ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት ሙቀት የመሸከም አቅሙ ከውሃ በ15 በመቶ ገደማ ያንሳል። የምንገዛው ዝገትን ስለሚከላከልና የመፍላት ነጥቡን ስለሚያሳድግ ነው። ወልቂጤም ቡታጅራም ሞተር ውስጥ በረዶ የሚሠራ ብርድ ስለሌለ፣ አምራቹ ሌላ ካላዘዘ በቀር ሲሶ ያህል ይበቃል። ሁለት ዓይነት ቀለም አትቀላቅሉ። ክፍት ዕቃ ላይም አትተዉት፤ ጣፋጭ መርዝ ነው፣ ሕፃንም ውሻም ይልሰዋል።

ቅርፊት ከያዘ መታጠብ አለበት። ለ1 ሊትር ውሃ 50 ግራም ገደማ ሲትሪክ አሲድ በጥብጣችሁ ሞልታችሁ፣ ሞተሩን እስኪሞቅ አስነሥታችሁ 20 ወይም 30 ደቂቃ አዙሩት። ከዚያ አፍስሳችሁ ንጹሕ እስኪወጣ ደጋግማችሁ አጠቡ። አቼቶም ይሠራል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው። የባትሪ አሲድ የሚጨምር ሰው አይቻለሁ፤ ቅርፊቱን ከቱቦው ጋር አብሮ ይበላዋል። አሉሚኒየም ራዲያተር ላይ በረኪናና የልብስ ሶዳም ክልክል ናቸው። ሲትሪክ አሲዱንም ቢሆን ሌሊቱን አታሳድሩት።

ቱቦው ሲያፈስ ጠጋኙ የሚያደርገውን ደግሞ ተከታተሉ። ቀላሉ መንገድ የሚያፈሰውን ቱቦ ጫፍና ጫፉን መዝጋት ነው። ከ50 ቱቦ አምስቱ ከተዘጋ ራዲያተራችሁ በአሥር በመቶ ትንሽ ሆነ ማለት ነው፣ ማንም ግን አይነግራችሁም። መንገድ ላይ ቸግሮት እንቁላል ወይም ዱቄት ነገር የሚጨምረውን ሹፌር አልወቅሰውም፤ ቤቱ ይግባበት። በነጋታው ካላጠበው ግን ያ ማጣበቂያ ጥሩዎቹን ቱቦዎችም ይደፍናቸዋል። ከሱማሌ ተራ አሮጌ ራዲያተር የምትገዙ ደግሞ ሁለት አንድ ዓይነት ራዲያተር ካገኛችሁ በሁለት እጃችሁ መዝኗቸው። ከባዱ ጠንካራ መስሎ ሊሸጥላችሁ ይችላል፤ ክብደቱ ቅርፊት ነው።

የቀረው በር የውሃው ነው፣ ትልቁ ጭቅጭቅም ያለው እዚህ ነው። ጋራዥ ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ አባባል አለ፤ «ውሃው ቶሎ ቶሎ ካለፈ ለመቀዝቀዝ ጊዜ አያገኝም»። ልክ ይመስላል፣ ግን ስሕተት ነው። ውሃው በአንድ ዙር የሚቀዘቅዘው ጥቂት ቢሆንም በደቂቃ የሚያደርገው ዙር ይበዛል። ቀስ ብሎ የሚሄድ ውሃ ቱቦው መግቢያ ላይ ትኩስ፣ መውጫው ላይ ቀዝቃዛ ስለሚሆን የራዲያተሩ ግማሽ ያለ ሥራ ይቀመጣል። ቶሎ የሚሄደው ግን ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ትኩስ አድርጎ ስለሚይዘው ቅጠል ሁሉ ይሠራል።

ፍጥነት ሌላም ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ. በ1883 መሐንዲሱ ኦስቦርን ሬይኖልድስ ማንቸስተር ውስጥ፣ በብርጭቆ ቱቦ በሚፈስ ውሃ መሐል ቀጭን የቀለም ክር ለቀቀ። ውሃው ቀስ ሲል ክሩ ሳይበጠስ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ፍጥነቱ አንድ ልክ ሲያልፍ ድንገት ተበጣጥሶ ቱቦውን ሞላው። በጸጥታ የሚፈስ ውሃ ሰልፍ ነው። ግድግዳው አጠገብ ያለው ሙቀቱን አስረክቦ እዚያው እየተጎተተ ይሄዳል፣ መሐሉ ያለው ሳይነካ ያልፋል። የሚናወጥ ውሃ ግን የገበያ ቀን ሕዝብ ነው፤ ሁሉም በተራው ግድግዳውን ይነካል። ሻይ በማንኪያ ሲማሰል ቶሎ የሚበርደው በዚሁ ምክንያት ነው። ጉብሬ ያለው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ተማሪ ይህንን በቀመር ያሰላዋል፤ መካኒኩ ውጤቱን ብቻ ቢይዝ ይበቃዋል። የሚናወጥ ውሃ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ለግድግዳው የማስረከብ አቅሙ ወደ 1.7 ጊዜ ያድጋል፣ ፓምፑ የሚበላው ጉልበት ግን ወደ 7 ጊዜ ይደርሳል። ጠባቡ በር የአየሩ ሆኖ ሳለ ትልቅ ፓምፕ መግጠም ለምን ገንዘብ ማባከን እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

ዘይት ሌላ ነው። የማርሽ ሳጥን ወይም የኤክስካቫተር ዘይት ወፍራም ስለሆነ ቱቦ ውስጥ በሰልፍ ነው የሚሄደው። ስለዚህ በዘይት ማቀዝቀዣ ቱቦ ውስጥ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ስስ የብረት ጥብጣብ ማስገባት፣ ዘይቱን እያገለባበጠ ሙቀቱን እንዲያስረክብ ያደርገዋል። አንዳንድ ፋብሪካ ሠርቶት ይመጣል፤ ሲያጥብ ያገኘ ልጅ ቆሻሻ መስሎት ጎትቶ እንዳያወጣው። ይህንኑ ጥብጣብ የውሃ ራዲያተር ውስጥ ለመክተት ማሰብ ግን ትርፉ ትንሽ፣ የመደፈን አደጋው ትልቅ ነው።

ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣል የሚለውን ምክር እዚህ ላይ ልመልስለት። በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ የሚቆጣጠረው ሁለት መንገድ ነው፤ ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን ይከፍትና ውሃው ራዲያተሩን ሳያይ ወደ ሞተር የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ስታወጡት አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል፣ ውሃም እንደ ሰው ነው፣ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል። የውሃው አንድ ክፍል ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል። እንዲቀዘቅዝ የተደረገው መኪና ዳገት ላይ የሚፈላው በዚህ ነው። ደጋ ላይ ደግሞ ያው መኪና ሳይሞቅ ውሎ ናፍጣ ይበላል፣ ዘይቱም ጭቃ ይሆናል። የተጠረጠረ ቴርሞስታት በድስት ውሃ ተፈትኖ ይታወቃል፤ 82 ወይም 88 የሚል ቁጥር ተጽፎበታል፣ እዚያ ሲደርስ ካልተከፈተ በአዲስ ይለወጣል።

ወደ ክዳኑ እንምጣ። የመኪናው ሁሉ ርካሽ ዕቃ ነው፣ በእኛ ከፍታ ግን ሥራው ከባድ ነው። ባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ወልቂጤ በ94 ያህል፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለችው ቡታጅራ በ93 ያህል ይፈላል። ወደ ጉመር ደጋ ስትወጡ ከ92 በታች ነው። በ88 ዲግሪ የሚከፈት ቴርሞስታት ያለው ሞተር ክዳኑ ግፊት የማይዝ ከሆነ ወልቂጤ ላይ ከመፍላት የሚለየው 6 ዲግሪ ብቻ ነው። 0.9 የሚል የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን ግን ያንኑ ውሃ እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ያቆየዋል። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ራዲያተር አትለውጡ፤ ክዳን ለውጡ። ከተጻፈው በላይ ግፊት ያለውን «ጠንካራ» ክዳን ግን አትግጠሙ፤ አሮጌው ራዲያተር ወይም ጎማው ይፈነዳል።

ያ ግፊት ነው ደግሞ ሰው የሚያቃጥለው። ክንዴ ላይ ያለው ጠባሳ 18 ዓመቴ ላይ፣ «ትንሽ ብቻ ላላ ላድርገው» ብዬ የከፈትኩት ክዳን ነው። ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ ይጠፋና በ110 ዲግሪ ፀጥ ብሎ የነበረው ውሃ በቅጽበት ይፈላል፤ ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። የላይኛው ጎማ በእጅ ሲጨበጥ ለስላሳ እስኪሆን ክዳኑን አትንኩ። በፈላ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ የወንዝ ውሃ አትድፉ፤ የቸኮለ ሰው ቴስታታ ሰንጥቆ ጓርኒሲዮን አቃጥሎ ነው የሚመለሰው። ሞተሩ እየሠራ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ የሚወጣ ከሆነ ግን ጓርኒሲዮኑ ቀድሞ ሄዷል፣ ከዚህ በላይ የጻፍኩት ሁሉ አይረዳችሁም።

አሁን ጊቤ። ከወልቂጤ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ 1,100 ሜትር ገደማ ወዳለው ወንዝ ይወርድና በዚያኛው ወገን ወደ አበልቲ ይወጣል። ሲመለስም ያው ነው። ሸለቆው ውስጥ አየሩ ራሱ ትኩስ ነው፤ ውሃው 95 ሆኖ አየሩ 20 ሲሆን ያለው ልዩነት 75 ዲግሪ ነው፣ አየሩ 35 ሲሆን ግን 60 ብቻ ነው። ያው ራዲያተር አንድ አምስተኛ አቅሙን አጣ ማለት ነው፣ ምንም ሳይበላሽ። ስለዚህ ከባድ ጭነት የያዘ ሰው ወንዙን በጠዋት ይሻገር። ዳገቱን በከፍተኛ ማርሽ እያቃሰተ መውጣት የሹፌር ኩራት ነው፣ ለሞተሩ ግን ሞት ነው፤ ዙሩ ሲወርድ ፓምፑም ፋኑም አብረው ይዳከማሉ። ገና ሳያቃስት ቀድማችሁ ማርሽ ቀንሱ። ጌጁ ሲወጣ ኤር ኮንዲሽኑን አጥፉ፣ መኪናው ማሞቂያ ካለው እስከ መጨረሻው ክፈቱት። ላብ ያስወጣችኋል፤ ማሞቂያው ግን ራሱ ትንሽ ራዲያተር ነው። ከቆማችሁም ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ። ውሃው እስካለ ድረስ ጥቂት ደቂቃ ጭነት ሳይኖረው ይዙር፤ ውሃው ከሌለ ግን አሁኑኑ ይጥፋ።

ከመንገዱ ወጣ ብሎ በመንደሩ ሰፊ ጎዳና፣ በጀፎረው ዳር ያለው የቸሃ ወፍጮ ቤት ራዲያተር ላይኖረው ይችላል። የናፍጣ ሞተርና ከጎኑ የቆመ በርሜል ነው ያለው፣ ፓምፕም የለውም። ትኩሱ ውሃ ቀላል ስለሆነ በላይኛው ቱቦ ወደ በርሜል ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ከበርሜሉ ግርጌ ወደ ሞተር ይወርዳል። እዚህ ጠባቡ በር የሚገፋው ጉልበት ማነስ ነው። ስለዚህ ቱቦው ሰፊ፣ አጭርና ከሞተር ወደ በርሜል ሳያጎነብስ ያለማቋረጥ ወደ ላይ የሚያዘነብል ይሁን። አንዲት ጉብታ አየር ይዛ ዙሩን ሁሉ ታቆመዋለች። የበርሜሉ ውሃ ከላይኛው ቱቦ አፍ በታች ከወረደም ዙሩ ያኔውኑ ይቆማል፤ ከመንደር ሞተሮች ብዙዎቹን ያቃጠላቸው ይኸው ነው።

ስሌቱም ቀላል ነው። የናፍጣ ሞተር ከነዳጁ ኃይል ሲሶ ያህሉን ለሥራ፣ ሲሶ ያህሉን ለውሃው ይሰጣል። 10 የፈረስ ጉልበት እያወጣ የሚፈጭ ሞተር 200 ሊትሩን በርሜል ከ20 ወደ 80 ዲግሪ ለማድረስ ሁለት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ለበዓል እህል ተሰልፎ ከሰዓት በኋላ ወፍጮው የሚቆመው ስለዚህ ነው። ሁለተኛ በርሜል ከግርጌና ከአናት አገናኙለት፣ አፉንም ክፍት አድርጉት። ተንኖ የሚሄድ አንድ ሊትር ውሃ የሚወስደው ሙቀት 9 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 80 ዲግሪ ከሚያሞቀው ጋር እኩል ነው። የሚተነው ውሃ ግን ኖራውን ትቶ ነው የሚሄደው። ስለዚህ እየሞሉ ብቻ መኖር ሳይሆን በየተወሰነ ጊዜ በርሜሉን ሙሉ በሙሉ ደፍቶ በአዲስ መሙላት ያስፈልጋል። የተደፋው ለብ ያለ ውሃ ለልብስ ማጠቢያ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ከመካኒክ በፊት የምታውቅ አንዲት ባለሙያ አለች፤ አረቄ የምታወጣ ሴት። እንፋሎቱ በመቃ በኩል ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠው ዕቃ ይገባና ፈሳሽ ይሆናል። ውሃው ሲሞቅ አረቄው ማነሱን ታውቃለች፤ ስለዚህ እየቀዳች ትለውጣለች። የእሷ ጠባብ በር የቆመው ውሃ ነው፣ መቃው አይደለም። በመዳብ ቱቦ የሚሠሩ ደግሞ ቀዝቃዛውን ውሃ ከግርጌ አስገብተው ትኩሱን ከላይ ቢያፈሱት፣ ያው ውሃ ሳይጨምሩ ብዙ ያወጣላቸዋል። ከመኪና የወጣ አሮጌ ራዲያተርን ለማቀዝቀዣ አመቺ ነው ብሎ የሚያመጣላት ሰው ካለ ግን ትመልሰው። የድሮ ራዲያተሮች መጋጠሚያ በእርሳስ የተበየደ ነው፣ ውስጣቸውም የኩላንት መርዝ ይቀራል፣ ያ ሁሉ ከአረቄው ጋር ይወርዳል። ፈልቶ ታጥቦም አይጸዳም፤ ለብረት ገዢ ይሸጥ።